«እኔ አለሁ» ያለው የሐኪም ቤት ሹም

አንድ የሐኪም ቤት ሹም ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ልጄ፣ ታሪኩን ስትሰሚ ክፉ ሰው ስትፈልጊ እንዳትደክሚ ብዬ ነው፤ ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ነገሩ ይቀልልን ነበር። ጥያቄሽንም አልረሳሁትም። በምትሠሪበት ሐኪም ቤት መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም፤ ደጅሽ ላይ የተቀመጠው ቤተሰብ እንደማይደርሰውም ታውቂያለሽ፤ «አይደርሳችሁም ብዬ ተስፋቸውን ከምቆርጥ ዝም ብል ምናለበት?» ብለሽኛል። እንግዲያው የሹሙን ነገር ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውዬው ጉቦ አይበላም። በዘመድ በኩል የሚመጣ ስልክ አያነሳም። የአገሩ ልጅ መጥቶ «የእከሌ ልጅ ነኝ» ቢለው ወንበር ይስበለታል እንጂ ተራ አይሰጠውም። የሚያስተዳድረው ሐኪም ቤት የመንግሥት ነው፤ ካንሰርን በጨረር የሚያክም መሣሪያ አለው፤ ያውም አንድ ብቻ። መሣሪያው ደኅና ሲሆን ከጧት እስከ ማታ ይሠራል፤ ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ሕክምናው በነፃ ስለሆነ በሽተኛው ከአራቱም ማዕዘን ይጎርፋል። ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የሚለውን ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይወስናሉ፤ የቀረው በግቢው ዛፎች ሥር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ሹሙን የሚወቅሰው የለም። ያልተሰጠውን ከየት አምጥቶ ይስጥ?

ግን አንድ ነገር አይሆንለትም። «የለም» ማለት አይችልም። ለብቻው ሆኖ ሲያስበው ይችላል፤ ሰው ፊቱ ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን ሲያየው ግን ይሉኝታ አንደበቱን ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ደጅ የጠናው ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ እጁን በሁለት እጁ ይይዝለታል፣ ከየት እንደመጣና መንገዱ እንዴት እንደነበር ይጠይቀዋል፤ ከዚያ «አይዟችሁ፣ ይደርሳችኋል፤ እኔ አለሁ» ይላል። የሚደርሳቸውም የማይደርሳቸውም ይህንኑ ነበር የሚሰሙት። ሁሉም መርቀውት ይወጣሉ፤ እሱም ምርቃቱ ይጥመዋል። ማን አይጥመውም?

በዚያው ሐኪም ቤት አንዲት ሐኪም ነበረች። ሰው ስሟን ትቶ «ደረቋ» ይላታል። ለሚደርሰው «ይደርስሃል»፣ ለማይደርሰው «እዚህ አይደርስህም፤ በሽታህ ተራ አይጠብቅም፤ የምትሄድበት ካለ ዛሬውኑ ሂድ» ትላለች። ሰው ከእሷ ክፍል እያለቀሰ ይወጣና በቀጥታ ሹሙ ዘንድ ይገባል። ሹሙም «እሷን ተዉአት፤ እኔ አለሁ አላልኳችሁም?» ይላል። በመጨረሻ ነገሩ ሲመራት ቢሮው ድረስ መጣች።

«ዶክተር፣ እኔ የተናገርኩትን እርስዎ ከኋላዬ የሚያፈርሱት ከሆነ ለምን አያሰናብቱኝም?» አለችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሰዎቹ ጭንቅ ላይ ናቸው። ተስፋም እንንሳቸው?»

«እርስዎ የሚሰጧቸው ቀጠሮ ነው። ቀጠሮው ደግሞ የለም።»

ሹሙ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ልስልስ በይ» አላትና ሻይ አዘዘላት። ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች መጡ። ግቢውን ዞረው አዩ። በሽተኛው በየጥላው ተኮልኩሏል፤ የሚጮህ የለም፣ አቤት የሚል የለም። ሁሉም ቃል ተገብቶለታል፤ ምን ብሎ ይጮሃል? ከጎብኚዎቹ አንዱ «የጎደላችሁ ነገር አለ?» ሲል ሹሙን ጠየቀው። በእንግዳ ፊት ጎደሎን መዘርዘር ነውር መሰለው። «ደኅና ነን፤ ሕዝባችን ታጋሽ ነው፤ እንደምንም ብለን እያብቃቃን ነው» አለ። ጎብኚዎቹ አመስግነውት ሄዱ። በኋላ ሁለተኛ መሣሪያ ተገዝቶ ሲመጣ ቆላ ውስጥ ባለች ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም ቤት ተሰጠ፤ እዚያ ሰዉ እሪ ብሎ ነበርና። ሹሙ ይህን ሲሰማ ቆጨው፤ ግን ዋጥ አደረገው። የቆላው ሐኪም ቤት ከሩቅ የመጣ ሰውም እንደሚቀበል ያውቃል፤ ለበሽተኞቹ ግን ትንፍሽ አላለም። «ወደ ቆላ ሂዱ» ለማለት መጀመሪያ «እዚህ አይደርሳችሁም» ማለት ነበረበት፤ እሱን ደግሞ አይችልበትም።

አንድ ገበሬ ሚስቱን ይዞ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ካንሰሩ የማሕፀን በር ላይ ነበር። ሐኪሞቹ መርምረዋት ጨረሩን ቶሎ ካገኘች የመዳን ዕድል አላት አሉ። ቶሎ ግን ከየት ይምጣ? መሣሪያው በዚያው ሰሞን ተበላሽቶ ጨርቁን ለብሷል፤ ከፊቷ ያለውም ሰው ብዙ ነው። ደረቋ ባልና ሚስቱን አስገብታ እንደ ልማዷ እቅጩን ነገረቻቸው። ገበሬው ደንግጦ ሹሙ ጋ ሮጠ።

«ጌታዬ፣ አይደርሳችሁም ተባልን። እውነት ነው?» አለው።

ሹሙ ቀና ብሎ አየው። ሰውዬው ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ሚስቱ በሩን ተደግፋለች። ሹሙ መልሱን ያውቀው ነበር። እንኳን መሣሪያው ተበላሽቶ ቢሠራም እንደማይደርሳት ያውቅ ነበር። ግን አፉ የለመደውን አለ። «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? አይዟችሁ። ይደርሳችኋል፤ እኔ አለሁ።» ገበሬው ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ሹሙ አቅፎ ቀና አደረገው። ሴትዮዋ ግን ከበሩ ሳትነቃነቅ ታየው ነበር።

ሰነበቱ። ሹሙ ጧት ሲገባ በግቢው ውስጥ ያያቸዋል፤ ማታ ሲወጣም ያያቸዋል። መጀመሪያ ላይ ቆም ብሎ ሰላም ይላቸው ነበር። እየቆየ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ» እያለ ማለፍ ጀመረ፤ በስልኩ ውስጥ ግን ማንም የለም። ይህን ሲያደርግ ያፍራል፤ ማፈሩን ማንም ስላላየበት ግን በማግስቱም ያደርገዋል። ኋላማ ሬሳ በሚወጣበት በር መግባት ለመደ።

አንድ ቀን በዚያ በር ሲገባ ሴትዮዋን ከነባሏ እዚያው አገኛት። ፀሐይ ሸሽታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሰውነቷ አልቋል፤ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ስልኩን ለማውጣት ጊዜ አላገኘም።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «እውነቱን ቢነግሩኝ አልቀየምዎትም። ይደርሰኛል?»

ልጄ፣ ይህን ልብ በይ። ራሷ በሩን ከፈተችለት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሹሙ ባሏን አየ፣ መሬቱን አየ፤ «አይዞሽ እህቴ፣ ይቺን ሳምንት ብቻ ታገሺ» አላትና አለፈ። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ጆሮው ድረስ ግሎ ነበር።

ተራዋ ሳይደርስ ሞተች። ሹሙ ሲነገረው ነፍስ ይማር አለና አስከሬኗ በሐኪም ቤቱ መኪና አገሯ ድረስ እንዲሸኝ አዘዘ። ይህን በማድረጉ ልቡ ትንሽ ቀለል አለው። እንዲህ ነን እኛ፤ በቁም የነፈግነውን በሬሳ ስንመልስ የተካካስን ይመስለናል።

የሚስቱን ተዝካር ካወጣ በኋላ ገበሬው ተመልሶ መጣ። ሙክት በግ ይጎትታል። ዘበኛው «በግ ሐኪም ቤት አይገባም!» ይላል፤ ገበሬው «ለእናንተ አይደለም፤ ለሹሙ ነው፤ ጥሩልኝ» ይላል፤ በጉም መሐል ቆሞ እምቢኝ አልንቀሳቀስም ይላል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ተነስቶ ከበባቸው። ሹሙ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ገበሬውን ሲያየው ሊረግመኝ ነው የመጣ ብሎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር፣ እርግማኑን ተመኝቶት ነበር።

ገበሬው ግን ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳው።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ዕድሜዋ ሆኖ ባትተርፍም እርስዎ ፊት አልነሱንም። ያቺ ደረቅ ሐኪም ‹ወደ ቆላ ሂዱ፤ ደውዬ አልጋ አስይዤላችኋለሁ› ብላን ነበር። የሚወስደንም መኪና ተገኝቶ ነበር። ሊያባርሩን ነው ብዬ እርስዎ ጋ መጣሁ። እርስዎ አለሁ ካሉ በኋላ ግን ‹እንዲህ ያለ ሰው ቃል ገብቶልን ሌላ ደጅ ብንረግጥ ምን ይለናል? በምን ዓይናችን እናየዋለን?› አልኳት። መጨረሻ ላይ ‹እንግዲያው ቤቴ ውሰደኝ፤ ልጆቼ መሐል ልሁን› ስትለኝ እንኳ ‹ተራው ደርሶ ሰውየው ቢያጣን እናሳፍረዋለን› ብዬ አስቀረኋት። ከቃልዎ አልወጣንም።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «እናንተም ወገኖቼ፣ አትጠራጠሩ! እኚህ ሰው አለሁ ካሉ አሉ ነው!»

ሹሙ ስለ አልጋው ያን ጊዜ ነበር የሰማው።

ከሰዉ መሐል አንገቷ ያበጠ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። «ተመስገን!» አለች። «ለእኔም ዛሬ ጧት አለሁ ብለውኛል። የቆላውን ወሬ ሰምቼ ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ እንግዲህ እቀመጣለሁ።» ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጥላው ሥር ልታስቀምጣት ጎንበስ አለች።

ሹሙ ሲሰደብ አፍሮ ያውቃል። ሲመረቅ ማፈር ግን ሌላ ነው፤ የሚደበቁበት ጥግ የለውም። ገበሬውን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ዝም ቢል ገበሬው ሚስቱን በክብር እንዳስታመመ እያሰበ አገሩ ይገባል፤ ሴትዮዋ ግን ከነልጇ ትቀመጣለች። ቢናገር ሴትዮዋ ትሄዳለች፤ ገበሬው ግን በገዛ አንደበቱ እምቢ ያለውን አልጋ ዕድሜ ልኩን ሲያስብ ይኖራል። ሁለቱንም ማዳን የሚቻልበት ቀን ነበር፤ ያ ቀን አልፏል። ያሳለፈው ደግሞ እሱ ነው።

«እህቴ፣ አትቀመጪ» አላት። ቀረብ ብሎ ደገመው። «አትቀመጪ። ልጅሽ እዚህ አይደርሳትም። ጧት የነገርኩሽ ውሸት ነው። ዛሬውኑ ወደ ቆላ ይዘሻት ሂጂ።» ወደ ሌሎቹም ዞረ። «ከእናንተም ውስጥ የማይደርሳችሁ አላችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሁላችሁንም ዋሽቻችኋለሁ።»

ገበሬው መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ከዚያ ገባው።

«የእኛስ?» አለ።

«እሷም አይደርሳትም ነበር።»

«ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እውነቱን ንገሩኝ ያለችዎት ዕለትስ?»

«ያን ዕለትም አውቅ ነበር።»

ገበሬው የበጉን ገመድ በእጁ ላይ ጠመጠመ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠመጠመ። «እንግዲያው ያስቀረኋት እኔ ነኛ» አለ።

«የለም ወንድሜ። አንተ የሰው ቃል አከበርክ። ቃሉ ባዶ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፍርዱ በእኔ ላይ ነው።» ሹሙ ከገበሬው እግር ሥር ተንበረከከ።

ገበሬው እንደ ሹሙ አቅፎ አላነሳውም። ቁልቁል አየው። «ይመኙሻል ነበር ስሟ» አለ። «ያን ያህል ጊዜ ደጅዎ ላይ ስትቀመጥ ስሟን እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም።» ከዚያ በጉን ይዞ ዞረና ወጣ። ዘበኛው እንኳ መንገድ ለቀቀለት። አምጥቶ የመለሰው ስጦታ ምን ማለት እንደሆነ ያገሬው ሰው ያውቃል፤ ቢተፋበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ መጣ። «አምላክ ይፍረድብህ» ያለው አለ፤ ኮሌታውን ይዞ የናጠው አለ። ሹሙ ቆሞ ሰማ፤ ስልኩንም አላወጣም። ደረቋ ከውስጥ ወጥታ ማን ወደ ቆላ መሄድ እንደሚችል፣ ማን ደግሞ እዚሁ መቆየት እንዳለበት ለየብቻ መንገር ጀመረች። ልጅ ያዘለችው ሴት በዚያው ቀን መኪና ተሳፈረች። ልጅቷ ትዳን አትዳን አልሰማሁም፤ ዳነች ብዬ ታሪኩን ላሳምርልሽ አልፈልግም። ሹሙ ለበላይ መሥሪያ ቤት «አልበቃንም፤ ሰው እየሞተብን ነው» ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳወቀ። ወደ ገበሬው አገርም ሽማግሌ ልኮ ነበር። ገበሬው ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ ሸኘ፤ ለሹሙ ግን ምንም መልስ አልላከም። ሹሙ ከዚያ ወዲህ በፊት በር ነው የሚገባው፤ አንገቱን ደፍቶ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሹም አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ እስካሁን አልሆንሽም፣ ልትሆኚ ግን ደርሰሻል። መድኃኒቱ መጉደሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም። መንግሥት ያልሰጠሽን ስጪ የሚልሽ የለም። እውነቱ ግን በእጅሽ ነው፤ እሱም ለሁሉም ይበቃል፤ እሱን የምትቆጥቢው ለማን ብለሽ ነው? ለእነሱ ነው ብለሽ ነበር። እስቲ እንደገና አስቢው። ሲያለቅሱ እንዳታዪ፣ በክፉ ዓይን እንዳያዩሽ፣ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ደግ ሰው ነኝ እንድትዪ አይደለም? ሹሙም ያው ነበር። በባዶ ቃሉ የሰዎቹን ሌላ ተስፋ ሁሉ ደጁ ላይ አስሮ አስቀመጠው። አንቺ ዝም ብትዪም ዝምታሽን «አለሁ» ብለው ነው የሚሰሙት፤ የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ አንቺን ላለማስቀየም ሲል ከሌላ ደጅ ይቀራል።

የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ባይኖርስ ልትዪኝ ነው፤ ዓይንሽ ላይ አየሁት። አዎ፣ የማይኖርበት ጊዜ ይበዛል። ያን ጊዜ ሕመሙን ታስታግሺላቸዋለሽ፤ የቀረው ቀን ግን የእነሱ ነው። ከልጆቻቸው መሐል ያሳልፉት ይሆናል፣ ጸበል ይሄዱ ይሆናል፣ ያኮረፉትን ይታረቁ ይሆናል። አንቺ አይደለሽም የምትመርጪላቸው። ተስፋ ባንቺ መጋዘን የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ አንቺ ስለሌለሽ አያልቅባቸውም።

በይ ተነሺ፤ ሰዎቹ ደጅሽ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ስማቸውን ጠይቂ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ሲያለቅሱም አብረሽ ቆዪ። ቢረግሙሽ ቻይው፤ ይህን ሳትነግሪያቸው መርቀውሽ ከሄዱ ግን ወዮልሽ።